ስልክ ሲደወል ወደ ሌላ ክፍል ይገባል

እትዬ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከክራኮቭ፣ ከፖላንድ ነው። ዕድሜዬ 46 ነው። ባለቤቴ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆነው፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። አሁን አንድ የአገሬ ልጅ እንጋባ ብሎኛል። እሱ ልጅ የለውም። ዘመዶቹ ይህን ሲሰሙ አገር ይያዝልን አሉ። «ልጅ የምትወልድለት ጠፍታ ነው?» ይሉታል። እሱ ለእኔ «ተያቸው» ይለኛል፣ ግን እነሱ ሲደውሉ ስልኩን ይዞ ወደ ሌላ ክፍል ይገባል።

ባለፈው እሑድ የድሮ የፖላንድ ነገሥታት የተቀበሩበትን ዋቬል ካቴድራልን ስንጎበኝ ስለ ኤልዝቢየታ ግራኖቭስካ ሰማሁ። ከነልጆቿ መበለት ሆና፣ በ45 ዓመቷ አካባቢ ንጉሥ አገባች አሉን። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። ደስ ብሏት ኖራ ይሆን? እኔስ ላግባው?

የክራኮቯ

እህቴ፣ ሴትየዋን ከዱሮም እወዳታለሁና ትንሽ ላውራልሽ።

ኤልዝቢየታ ድሃ አልነበረችም። አባቷ የሳንዶሚየሽ ገዥ ነበር፣ ፒሊጻና ዋንጹት የሚባሉ ርስቶችን ወረሰች፤ እንዲህ ያለ ርስት ያላት ልጃገረድ ደግሞ በዚያ ዘመን በሰላም አታድርም። ጠለፋ የእኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። አንድ የሞራቪያ ባላባት ጠልፎ አገባት ይባላል፣ ከእሱ ደግሞ ሌላው ነጠቃት። ሦስተኛው ግራኖቭስኪ ነው፣ ልጆቿን የወለደችለት። እሱም በ1410 ሞተ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ግንቦት 2 ቀን 1417 ሳኖክ በምትባል ከተማ የፖላንድ ንጉሥ ቭዋዲስዋፍ ያጌዎ አገባት። ያ በግሩንቫልድ ጦርነት የጀርመን መስቀል ጦረኞችን ያሸነፈው። መኳንንቱ አበዱ። ንጉሡ ከሁለት ትዳር በሕይወት የቀረችለት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ስለነበረች፣ ወንድ ወራሽ የምትሰጥ ወጣት ልዕልት ነበር የሚጠብቁት፣ እሱ ግን የገዛ ተገዢውን፣ ያውም መበለት ይዞ መጣ። ሌላም ጣጣ ነበረው። ያጌዎ አረማዊ ሆኖ ያደገ ነውና በ1386፣ ጎልማሳ ሆኖ ሲጠመቅ የክርስትና እናቱ የኤልዝቢየታ እናት ነበረች። የክርስትና እናት ልጅ እህት መሆኗን ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለጋብቻው የቤተ ክርስቲያን ልዩ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። አንቺ ይህ እንኳ የለብሽም።

ሐሜቱ ደግሞ! ስታኒስዋፍ ቾዌክ የሚባል የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ እሷን ከአሳማ ጋር እያመሳሰለ ተሳለቀባት። ያው ሰው በኋላ የንጉሡን ቀጣይ ሚስት በግጥም አወደሰ፣ የፖዝናን ጳጳስም ሆነ። ክፉኛ የጻፈባት ሌላው የታሪክ ጸሐፊው ያን ድውጎሽ ነው፤ እሱ ግን የተወለደው በ1415 ነው፣ በሰርጓ ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ሕፃን! ስለዚህ ደስ ብሏት ነበር ወይ ላልሽኝ፣ ወሬዋን ያቆዩልን ጠላቶቿና ከጠላቶቿ የሰሙ ናቸው፣ ደስታዋን ከእነሱ አትጠብቂ።

እኔ የምይዘው ያጌዎ ያደረገውን ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ክራኮቭ ውስጥ በአደባባይ ንግሥት ብሎ ዘውድ አስጫነላት። ደብቆ አላኖራትም። በ1420 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፤ ሦስት ዓመት ብቻ ነው አብረው የኖሩት።

ከዚያ በ1422 መኳንንቱ የፈለጉትን አገኙ። ንጉሡ ሶፊያን አገባ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ፣ ወንዶች ልጆችም ወለደችለት። ተዉአት? ወይ ፍንክች! በ1427 «ባሏ ላይ ሄዳለች» ብለው ከሰሷት፣ ምላ ነው ነፃ የወጣችው። እና እህቴ፣ 20 ዓመት ወጣት ብትሆኚ፣ ሦስት ወንድ ብትወልጂለትም እነዚህ ዘመዶች ሌላ ነገር ያገኙልሻል። ዕድሜሽን አትርገሚው።

እኔን ያሳሰበኝ ዘመዶቹ አይደሉም፣ ያ ሌላኛው ክፍል ነው። ለአንቺ «ተያቸው» የሚል ሰው ለእነሱ ምን እንደሚል አልሰማሽም። ሁለት ነገር በግልጽ ጠይቂው። አንደኛ፣ የራሱን ልጅ ይፈልጋል ወይ? ይፈልግ ከሆነ አሁኑኑ ይናገር፣ ይሉኝታ ይዞት «ግድ የለም» ካለሽ በኋላ ነው የሚቆጭሽ። ሁለተኛ፣ እናቱ ሲደውሉ አንቺ አጠገብ ተቀምጦ «እማዬ፣ የማገባት እሷን ነው» ይበል። በስፒከር እንኳ ባይሆን፣ ፊትሽ ይበለው።

ይህን ካደረገ አግቢው፣ ልጆችሽንም ሚዜ አድርጊያቸው። አሁንም ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደር ከወጣ ግን፣ ቀለበት ከመግዛታችሁ በፊት መልሰሽ ጻፊልኝ።