ባለቤት ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል? ጥያቄና መልስ

ስለ ጄነሬቲቭ ሲንታክስ፣ ማለትም የዓረፍተ ነገርን መዋቅር በሕግ ስለሚያስረዳው የሥነ ልሳን ዘርፍ፣ በተለይ የዓረፍተ ነገር ባለቤት ቦታ ስለመቀየሩ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ምሳሌዎቹን በተቻለ መጠን ከአማርኛ አመጣለሁ፤ ያኔ ዓረፍተ ነገሩ ያስኬድ አያስኬድ እናንተው በጆሯችሁ ትፈርዳላችሁ።

ጥያቄ፦ «ባለቤት ይንቀሳቀሳል» ሲባል ምን ማለት ነው? ስናወራ ቃላቱ ጭንቅላታችን ውስጥ ቦታ ይለዋወጣሉ?

መልስ፦ አይደለም። በጊዜ ውስጥ የሚሆን ነገር አድርጋችሁ አትዩት። አንድ ስም በዓረፍተ ነገሩ መዋቅር ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ሥራ አለው ማለት ነው። አንደኛው ትርጉሙን የሚያገኝበት ነው፦ ማን አደረገ፣ በማን ላይ ተደረገ። ሁለተኛው ባለቤትነቱን የሚያገኝበት ነው፦ ግሱ ከማን ጋር ይስማማል። ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም።

ተገብሮን እዩ። «ልጅቷ መስኮቶቹን ሰበረቻቸው» እንላለን። ከዚያ «መስኮቶቹ ተሰበሩ» እንላለን። መስኮቶቹ በሁለቱም ላይ የደረሰባቸው ያው ነው፣ ስብራት። ግን በሁለተኛው ላይ «ን» ጠፍታለች፣ ግሱም አሁን የሚስማማው ከነሱ ጋር ነው። ትርጉማቸውን የተሳቢ ቦታ ላይ አገኙ፣ መልካቸውን የባለቤት ቦታ ላይ። ይህንን ነው «ተንቀሳቀሰ» የምንለው። ጥንት የለቀቀው ቦታ ላይ ዱካ ይቀራል ይባል ነበር። ሚኒማሊዝም ከሚባለው የዘርፉ አዲስ አካሄድ ወዲህ፣ ማለትም ከ1990ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ቅጂው እዚያው አለ፣ የታችኛው ብቻ አይነበብም የሚለው አገላለጽ ነው የተለመደው።

ጥያቄ፦ ተገብሮው ገባኝ። ግን «ልጁ መጽሐፉን አነበበ» ውስጥ ምን ተንቀሳቀሰ? ልጁ መጀመሪያውኑ ባለቤት ነው።

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ዘርፉም እዚህ ላይ ነው ትልቅ ለውጥ ያደረገው። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ባለቤት ከግሳዊ ሐረግ (ግሱና ተሳቢው አብረው ከሚሠሩት ክፍል) ውጪ፣ በመዋቅሩ ሥዕል ከላይ ይወለዳል ተብሎ ነበር የሚሣለው። ከዚያ የሥነ ልሳን ተመራማሪዎቹ ኪታጋዋና ፉኩይ በየፊናቸው በ1986፣ ኩሮዳ በ1988፣ ኩፕማንና ስፖርቲሽ በ1991 ባቀረቡት ሥራ፣ ባለቤት ራሱ የሚወለደው በግሳዊ ሐረጉ ውስጥ ነው የሚለው ሐሳብ ተጠናከረ። ምክንያቱ የዋህ የሚመስል ግን ጠንካራ ነው። «አንባቢው ማን ነው» የሚለውን የሚወስነው «አነበበ» ከሆነ፣ አንባቢው ከግሱ አጠገብ መጀመር አለበት። ጊዜና ስምምነት ደግሞ ከላይ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ከታች ተወልዶ ወደ ላይ ይወጣል።

ለዚህ በብዛት የሚጠቀሰው ማስረጃ እንግሊዝኛ ነው። «ዘ ቦይስ ሃቭ ኦል ለፍት» ይላሉ፣ ልጆቹ ሁሉም ሄደዋል። «ኦል» የሚናገረው ስለ ልጆቹ ነው፤ ግን መሃላቸው ረዳት ግሱ ገብቷል። ስፖርቲሽ በ1988 ያለው፣ ልጆቹ ወደ ላይ ሲወጡ «ኦል»ን የድሮ ቦታቸው ላይ ትተውት ሄዱ ነው። እኔ ይህን ማስረጃ ለጀማሪ ስነግር አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። የ«ለፍት» ባለቤት እንደ ተገብሮው ከግሱ በኋላ፣ የተሳቢ ቦታ ላይ ይወለዳል ይባላል (ከታች እመጣበታለሁ)፤ እንዲያ ከሆነ «ለፍት» ካለ በኋላም «ኦል» መቅረት መቻል ነበረበት፤ ነገር ግን «ሃቭ ለፍት ኦል» አይባልም። ይህ ክፍተት እስካሁን ያከራክራል።

ጥያቄ፦ አማርኛ ላይ ይሄ እንቅስቃሴ በዓይን ይታያል?

መልስ፦ በቀላሉ አይታይም፣ ምክንያቱም ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው። ባለቤቱ ከታችም ሆነ ከላይ ቢቀመጥ ከግሱ በፊት ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የቃላቱ ተራ አይለወጥም። «ልጆቹ መጽሐፉን ሁሉም አንብበውታል» የሚለውን ያመጣችሁ ነበራችሁ፣ እንደ «ኦል» ነው ብላችሁ። ጆሮዬ ይቀበለዋል፣ ግን ማስረጃነቱን እጠራጠራለሁ። «ሁሉም አንብበውታል» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። እንዲያ ከሆነ ባለቤቱ «ሁሉም» ራሱ ሊሆን ይችላል፣ «ልጆቹ» ደግሞ ስለ እነማን እንደምናወራ ለማስታወቅ ፊት የተቀመጠ።

ቦታው በዓይን እንዲታያችሁ ከፈለጋችሁ ወደ ዘመዳችን ወደ ዐረብኛ ሂዱ። በጽሑፍ ዐረብኛ «ጃአ ል-አውላዱ» ይባላል፣ ግሱ ቀድሞ፣ በነጠላ ቁጥር፣ ልጆቹ ብዙ ሆነው ሳለ። ባለቤቱ ሲቀድም ግን «አል-አውላዱ ጃኡ» ነው፣ ግሱም ብዙ ይሆናል። ያው ስም፣ ያው ግስ፣ ቦታው ሲለወጥ ስምምነቱ ተለወጠ። አንዳንዶች የሚቀድመው ስም ባለቤት ሳይሆን ርዕስ ነው ብለው ይሞግታሉ። ያም ሆኖ ቦታና ስምምነት የተያያዙ መሆናቸውን እንዲህ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ ብዙ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ባለቤት ከአንድ ግስ ወደ ሌላ ግስ ይወጣል ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት?

መልስ፦ ይሄ የምወደው ክፍል ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ልስጣችሁ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው።

«አልማዝ የታመመች ይመስለኛል።»
«አልማዝ የታመመች ትመስላለች።»

በመጀመሪያው «ይመስለኛል» ከአልማዝ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። በወንድ ነጠላ ቀርቷል፣ የሚያገናዝበው ማንም የለም። በሁለተኛው «ትመስላለች» ሆኗል፣ ከአልማዝ ጋር ተስማምቷል። መታመሙ የሁለቱም ጊዜ የአልማዝ ነው፣ የተለወጠው የላይኛው ግስ ባለቤት ነው። አልማዝ ከታችኛው ዓረፍተ ነገር ወጥታ የላይኛው ባለቤት ሆነች ማለት ያጓጓል።

ግን አትቸኩሉ። እንግሊዝኛ ላይ በዚህ ዓይነት መውጣት የታችኛው ግስ ባዶ ነው፣ አይስማማም። የኛ «የታመመች» ግን ሙሉ ስምምነት ይዟል። ከዚያ በላይ «መሰለ» ሌላም ሥራ አለው፦ «አልማዝ እናቷን ትመስላለች» ስንል አልማዝ ከየትም አልመጣችም፣ የራሱ የ«መሰለ» ባለቤት ነች። ስለዚህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ወይ እውነተኛ መውጣት ነው፣ ወይ ደግሞ አልማዝ እዚያው ከላይ ተወልዳ፣ ታች ያለው የማይነገር ተውላጠ ስም እሷን ያመለክታል። እኔ የብዙ ተናጋሪ ጆሮ ሳልጠይቅ አልወስንም።

ጠራ ያለ ፈተና የሚሰጠን «ጀመረ» ነው። «ጉድ ፈላ» የሚለውን አባባል ውሰዱ። ጉድ ድስት ውስጥ የለም፤ ትርጉሙ የሚገኘው ሁለቱ አብረው ሲወለዱ ብቻ ነው። አሁን «ጉድ መፍላት ጀመረ» በሉ። አባባሉ አልጠፋም። ቀጥላችሁ «ጉድ መፍላት ፈለገ» በሉ። ተበላሸ፣ ጉድ የሚባል ፈላጊ ሰው ያለ አስመሰለው። ልዩነቱ ምንድነው? «ጀመረ» የራሱ አድራጊ አይጠይቅም፣ ጉድ ከ«መፍላት» ጋር ተወልዶ ወደ ላይ ይወጣል። «ፈለገ» ግን ፈላጊ ይጠይቃል፣ ባለቤቱም የራሱ ነው፣ የታችኛው ግስ ባለቤት ደግሞ ድምፅ የሌለው ነገር ይሆናል። መጀመሪያው መውጣት፣ ሁለተኛው ቁጥጥር ይባላል። ሆርንስታይን በ1999 ቁጥጥርም ራሱ እንቅስቃሴ ነው ብሎ ተከራክሯል፣ ብዙዎች አልተቀበሉትም።

ጥያቄ፦ አንአኩዜቲቭ የሚባሉትን ግሶች በአማርኛ እንዴት ነው የማውቃቸው?

መልስ፦ ሐሳቡ የሥነ ልሳን ተመራማሪው የፐርልሙተር ነው፣ 1978። ተሳቢ የሌላቸው ግሶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም አለ። «ሳቀ» ባለቤቱ አድራጊ ነው። «ቀለጠ» ባለቤቱ ነገሩ የደረሰበት ነው፣ ማለትም ታች የተሳቢ ቦታ ላይ ተወልዶ ነው ወደ ላይ የወጣው፣ ልክ እንደ ተገብሮ።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ አለው፣ የማድረጊያ ቅጥያዎቹ። «ቀለጠ፣ አቀለጠ»። «ደረቀ፣ አደረቀ»። «ፈላ፣ አፈላ»። በ«አ-» ብቻ አድራጊ ይጨመርላቸዋል፣ ምክንያቱም የአድራጊው ወንበር ባዶ ነው። «ሮጠ» ግን «አስሮጠ» ነው፣ «ጨፈረ» «አስጨፈረ»፣ «ገደለ» «አስገደለ»። ወንበሩ ተይዟል፣ ስለዚህ ከበላዩ ሌላ መሥራት አለብን፣ እሱን የሚሠራው «አስ-» ነው። «ወጣ» ሁለቱንም ይቀበላል፣ ልዩነቱንም አድምጡት፦ «ድንጋዩን አወጣው»፣ «ተማሪውን ከክፍል አስወጣው»። ድንጋዩ ወጣ እንጂ ምንም አላደረገም። ተማሪው ግን በእግሩ ሄዷል።

የማይገጥሙ አሉ። «በላ፣ አበላ»፣ «ጠጣ፣ አጠጣ»፣ «ለበሰ፣ አለበሰ»። ተሻጋሪ ሆነው ሳለ «አ-» ይወስዳሉ። የጋራቸው ምን እንደሆነ አይታችኋል? አድራጊው ራሱ ድርጊቱ ያረፈበት ነው፣ ወደ ውስጡ ወይም ወደ ላዩ አስገባው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ ዝርዝር አይደለም፣ ሌሎች ቋንቋዎችም እነዚህን ግሶች ለብቻ ያስቀምጣሉ።

ጥያቄ፦ ባለቤት የግድ ወደ ላይ መውጣት ያለበት ለምንድነው? ታች ቢቀርስ?

መልስ፦ ሁለት መልስ ይሰጣል። አንዱ ሙያ ፍለጋ ነው፦ ስም ያለ ሙያ፣ ማለትም ባለቤት ነው ወይስ ተሳቢ ሳይባል፣ መቅረት አይችልም። ሌላው ኢፒፒ የሚባለው ነው፣ የዘርፉ መሥራች ቾምስኪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያስቀመጠው፦ ማንኛውም ዓረፍተ ነገር ባለቤት ይኑረው። እንግሊዝኛ ይህን በጣም ያከብራል። ዝናብ ሲዘንብ አድራጊ ባይኖርም «ኢት» ብሎ ቦታውን ይሞላል። እኛ «መሸ» ብለን እንጨርሳለን። «ነጋ»፣ አለቀ። የሚሞላ ባዶ ወንበር ያለ አይመስልም። አሌክሲያዱና አናግኖስቶፑሉ በ1998 ያቀረቡት ሐሳብ ለዚህ ይመቻል፦ ስምምነቱ ሀብታም በሆነ ቋንቋ የግሱ ቅጥያ ራሱ ያንን ግዴታ ይፈጽማል፣ ባለቤቱ የግድ መውጣት የለበትም። እኔ ለአማርኛ ወደዚህ አዘነብላለሁ።

ጥያቄ፦ «መጽሐፉን አልማዝ አነበበችው» ውስጥስ? መጽሐፉ ባለቤት ሆነ?

መልስ፦ አልሆነም። ፊት ወጣ እንጂ «ን»ዋም አለች፣ ግሱም ከአልማዝ ጋር ነው። ይሄ የአጽንኦት ወይም የርዕስ እንቅስቃሴ ነው። ፊት የመጣ ሁሉ ባለቤት አይደለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ «አልማዝ ሁለት ልጆች አሏት» ላይ ባለቤቱ ማን ነው? አስተማሪዬ አልማዝ ነች አለን፣ እኔ ግን ልጆች ይመስሉኛል።

መልስ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት አለ። «አሉ» ብዙ ቁጥር ነው፣ የሚስማማው ከልጆቹ ጋር ነው። አንድ ልጅ ቢሆን «አላት» ነበር የሚሆነው። አልማዝ ያለችው መጨረሻ ላይ፣ በተሳቢ ቅጥያ ቦታ፣ በ«-አት» ውስጥ ነው። በስምምነት ከሄድን አንተ ትክክል ነህ።

ግን ቅጥያውን ትተህ ጠባዩን እይ። አልማዝ ትቀድማለች፣ «ን» የላትም። «አልማዝ የራሷ ልጆች አሏት» ስንል «የራሷ» ወደ አልማዝ ይመለሳል። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ከ«መሰለ» ስር አስገባው፦ «አልማዝ ሁለት ልጆች ያሏት ትመስላለች»። «ትመስላለች» ከማን ጋር ተስማማ? ከአልማዝ። ልጆቹ ሳይሆኑ እሷ ነች የላይኛው ባለቤት የሆነችው። ከላይ ስለ «መሰለ» ያልኩት ጥርጣሬ እዚህም ይሠራል፣ ስለዚህ ይህ ብቻውን አይበቃም፣ ግን ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ክብደት አለው።

«ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ደከመኝ»ም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ስሜቱ ያለበት ሰው በተሳቢ ቅጥያ ይገለጻል፣ ግሱ በወንድ ነጠላ ቀርቷል። አይስላንድኛ ተመሳሳይ ነገር አለው፣ «በረደኝ» ሲሉ ሰውየው በባለቤት ሙያ ሳይሆን «ለእኔ» በሚለው ዓይነት ሙያ ይመጣል። ዛነን፣ ማሊንግና ትራይንሶን በ1985 እነዚህ ስሞች መልካቸው ሌላ ቢሆንም በቦታቸው ሙሉ ባለቤት መሆናቸውን በተከታታይ ፈተና አሳይተዋል። እዚያ የተማርነው ነገር ባለቤትነት ሲበታተን ማየት ነው። ስምምነቱ አንድ ቦታ፣ ሙያው ሌላ ቦታ፣ ቦታው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ጋ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፈተና ላይ ከመጣ፣ «ስምምነቱ ከልጆች ጋር ነው፣ ከፍ ያለውን ቦታ የያዘችው አልማዝ ነች» ብለህ ሁለቱንም ጻፍ፣ ማስረጃህንም ከሥሩ አስቀምጥ። አስተማሪህን ደግሞ «ያሏት ትመስላለች»ን አሳየው።