ከራስ ደመወዝ መጀመር

ልጆቼ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የክፍል ኃላፊ ሳለሁ በጀት ጠበበ ተባለና የሠራተኛውን አበል የሚቀንስ ደብዳቤ ፈረምኩ። የራሴን አልነካሁም። ሒሳብ ክፍል የምትሠራ አንዲት ወጣት ደብዳቤውን አንብባ ቀና አለችና «የእርስዎስ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው ያዘዝኩትን ይሠራ ነበር፤ ልቡ ግን ከኔ ጋር አልነበረም።

የታንዛኒያን መሥራች የጁሊየስ ኔሬሬን ታሪክ ሳነብ ያቺ ጥያቄ ትመጣብኛለች። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኔሬሬ ፖለቲካ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት አስተማሪ ነበሩ። ሕዝቡም እስከ መጨረሻው «ሙዋሊሙ» ይላቸው ነበር፣ መምህር ማለት ነው። በ1963 እዚህ አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ከመሠረቱት መሪዎች አንዱም ናቸው።

በ1966 መንግሥታቸው ተመራቂዎች ብሔራዊ አገልግሎት እንዲገቡ ወሰነ። ከሥልጠናው በኋላ ለአንድ ዓመት ተኩል የሚከፈላቸው ከደመወዛቸው 40 በመቶው ብቻ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቆጡ። ዳሬሰላም ላይ ሰልፍ ወጥተው ቤተ መንግሥት ድረስ ሄዱ። ባለሥልጣናቱ በደህና ደመወዝ እየኖሩ ከኛ ለምን ይቆረጣል ነው ነገሩ። ኔሬሬ በጣም ተናደዱ። ቢናደዱም ግን ስለ ባለሥልጣን ደመወዝ የተነሳው ነገር እውነት እንዳለው አልካዱም። እዚያው የራሳቸውን ደመወዝ በ20 በመቶ ቀነሱ። ወደ 400 የሚጠጉ ተማሪዎችንም ወደየቤታቸው ሰደዱ። ይሄኛው ለኔ ከልክ ያለፈ ቅጣት ነበር፤ ልጅ መጠየቁ ሊያስባርረው አይገባም። ደመወዛቸውን መቀነሳቸው ግን ከልቤ አይወጣም። በዓመቱ የወጣው የአሩሻ መግለጫ ደግሞ አንድ መሪ ሁለት ደመወዝ እንዳይበላ፣ ቤት እንዳያከራይ ከለከለ።

ጻድቅ ነበሩ እያልኳችሁ አይደለም። ኡጃማ በሚሉት ፖሊሲ በ1970ዎቹ ሚሊዮኖች ወደ መንደር እንዲሰባሰቡ ተደረገ፣ ብዙው በግድ። እኛም በደርግ ጊዜ መንደር ምሥረታን አይተናል፤ ገበሬው ከቤቱ ሲነቀል ምን እንደሚሰማው አይጠፋንም። የአገሪቱም ኢኮኖሚ ክፉኛ ተጎዳ። ስለዚህ ከኔሬሬ ፖሊሲያቸውን ውሰዱ አልላችሁም። ለራሳቸው የነበራቸውን ጥብቅነት ግን ውሰዱ።

ወንበር ሙጭጭ የሚያደርጉም አልነበሩም። አገራቸው በታኅሣሥ 1961 ነፃ ወጣች። ሁለት ወር ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ትተው ፓርቲያቸውን ለማደራጀት ገጠር ለገጠር ዞሩ። ፕሬዚዳንት ሆነው የተመለሱት በዓመቱ መጨረሻ ነው። በ1985 ደግሞ በፈቃዳቸው ሥልጣኑን ለአሊ ሐሰን ምዊኒ አስረከቡ። የፓርቲውን ሊቀ መንበርነት እስከ 1990 ይዘው ቆይተዋል። ቤተ መንግሥቱን ግን ለቀው፣ ወደ ተወለዱባት ቡቲያማ ተመልሰው እርሻቸውን ያዙ።