ለአንድ ኳርተርባክ ስንት ይከፈላል? የኤንኤፍኤል ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሜሪካ ፉትቦልና ስለ ሊጉ ስለ ኤንኤፍኤል ናቸው። የጨዋታ ፕሮግራም፣ የኳርተርባክ (ኳሱን እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ልውውጥ፣ የተጫዋቾች እገዳ። እኔም ከስፖርት ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ስለሆነ ዛሬ ሌላ ነገር አላነሳም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ከአሜሪካ በመጡት ጥያቄዎች ያለው ሰዓትም የአሜሪካ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ እህቴ አሜሪካ ናት። በእሷ ምክንያት ጨዋታውን ለመድኩት። እሁድ እሁድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አያለሁ። አምና ኅዳር ላይ ግን ከፍቼ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። 3 ሰዓት ላይ ጀመረ። ምንድነው ነገሩ?

ጨዋታው አልዘገየም፤ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ስላዞሩ ነው። በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። አዲስ አበባ ላይ ሰዓት አይነካም። ስለዚህ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ከምሽቱ 2 ሰዓት የነበረው ጨዋታ ከዚያ በኋላ 3 ሰዓት ይሆናል። ሁለተኛው ዙር ከምሽቱ 5፡25 ወደ 6፡25 ይሄዳል። ዋናው የእሁድ ማታ ጨዋታ ደግሞ ከሌሊቱ 9፡20 ነው፤ በኋላ 10፡20። ያ እንግዲህ ሰኞ ሊነጋ ሲል ነው። በማግስቱ ሥራ ካለብዎ ይተኙ፣ ጠዋት ዋና ዋናውን ያዩታል።

ለእርስዎ የሚመችዎ የለንደኑ ጨዋታ ነው። ሊጉ እዚያ መደበኛ የውድድር ጨዋታ ማድረግ የጀመረው በ2007 ሲሆን፣ ጥቅምት ላይ የሚደረጉት ብዙውን ጊዜ በአዲስ አበባ ከቀኑ 10፡30 ይጀምራሉ። ከቡና ጋር የሚታይ ጨዋታ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ዋሽንግተን በየዓመቱ ከባድ ከባድ ቡድን ይደርሰዋል። ዕጣ ነው ወይስ ሆን ብለው ነው?

ማን ከማን እንደሚጫወት የሚወሰነው በቀመር ነው። ሰው እጁን አያስገባበትም። 32 ቡድኖች አሉ፤ አራት አራት ሆነው በስምንት ምድብ ተከፍለዋል። እያንዳንዱ ቡድን 17 ጨዋታ አለው። ዋሽንግተን ከምድቡ ቡድኖች ከዳላስ፣ ከፊላደልፊያና ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይጫወታል። ስድስት ሆነ። በራሱ ኮንፈረንስ (ሊጉ ለሁለት ሲከፈል ግማሹ ኮንፈረንስ ይባላል) ካለ አንድ ምድብ ጋር አራት፣ ከሌላኛው ኮንፈረንስ አንድ ምድብ ጋር አራት። እነዚህ ምድቦች በየዓመቱ በተራ ይቀያየራሉ። እስካሁን 14 ጨዋታ። ይህ ከዓመታት በፊት የሚታወቅ ነው።

የቀሩት ሦስቱ ናቸው አምና በያዙት ደረጃ የሚወሰኑት። በምድብዎ አንደኛ ከወጡ አንደኛ የወጡ ቡድኖች ይገጥምዎታል። መጨረሻ ከወጡ መጨረሻ የወጡ። ስለዚህ አምና ጎበዝ የነበረ ቡድን ዘንድሮ ትንሽ ይከብደዋል፤ ግን በሦስት ጨዋታ ብቻ ነው።

በግንቦት ወር በትልቅ ዝግጅት የሚነገረው ቀኑና ሰዓቱ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ላይ ያለው ነገር ነው። እሁድ ተጋጭቶ፣ ተረግጦ የወጣ ሰው ሐሙስ ማታ እንደገና ሲሰለፍ አስቡት። በመሃል ሦስት ቀን ብቻ ነው ያለው። በሰኞ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያቃተው አካል በሐሙስ ማታ ዳነ ማለት ይከብዳል። የፕሮግራሙ ፍትሕ የሚመዘነው በዚህ ነው ባይ ነኝ። የተቃራኒው ጥንካሬ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ ታክሲ ነው የምነዳው። ለልጄ ልደት ብዬ ሁለት ትኬት ገዛሁ። እሁድ ከሰዓት በኋላ 1 ሰዓት ነበር። ወደ ማታ 8፡20 ቀየሩት። ልጁ ሰኞ ትምህርት አለው፣ እኔም የቀን ሥራዬን ትቼ ነበር። እንዲህ ማድረግ ይቻላል እንዴ?

ይቻላቸዋል፣ ወንድሜ። ፍሌክስ ይሉታል። በ2006 ለእሁድ ማታ ጨዋታ ብለው ጀመሩት። በ2023 የሰኞውንም የሐሙሱንም ጨመሩ። ለቴሌቭዥን ሲባል ነው፤ የተመደቡት ቡድኖች ከደከሙ የተሻለ ጨዋታ በቦታቸው ይገባል። ለእሁድ ማታ የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ 12 ቀን ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ 6 ቀን ብቻ። የሐሙሱ ጉዳይ ሲነሳ የጃያንትስ ባለቤት ጆን ማራ ሳይቀር ስታዲየም ለሚመጣው ሰው አስቡ ብሎ በይፋ ተቃውሞ ነበር። አልሰሙትም።

እኔም እንደ እርስዎ ያንገበግበኛል። ቴሌቭዥን የሚያየው ሰው ቻናል ይቀይራል፣ በቃ። ትኬት የገዛው ሰው ግን የሥራ ፈረቃ ለውጦ፣ ለልጁ ቃል ገብቶ ነው የሚመጣው።

ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ዘዴ ልንገርዎ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት ያለውን ጨዋታ ይግዙ። የእሁድ ማታ ፍሌክስ የሚጀምረው ከ5ኛው ሳምንት ነው። የ18ኛውን ሳምንት ጨዋታ ደግሞ ቀድመው እንዳይገዙ። ቅዳሜ ይሁን እሁድ የሚታወቀው ሳምንት ሲቀረው ነው።

ከዋሽንግተን፦ አንድ ቡድን ጥሩ ኳርተርባክ ለማግኘት ሁለት ሦስት የመጀመሪያ ዙር ድራፍት መስጠት አለበት? ጓደኞቼ “አንዴ ለማሸነፍ ሁሉንም ስጥ” ይላሉ። እኔ እፈራለሁ።

ፍርሃትዎ ልክ ነው። እዚህ ከተማ የኖረ ሰው ሳይፈራ አይቀርም።

ድራፍት ማለት ከኮሌጅ የሚወጡ ወጣቶችን በተራ መምረጥ ነው። በ2012 ዋሽንግተን ኳርተርባኩን ሮበርት ግሪፊንን ለመውሰድ ሦስት የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ራምስ ለሚባለው ቡድን ሰጠ። ለአንድ ሰው ብለህ የሦስት ዓመት ምርጥ ወጣቶችን አሳልፈህ ሰጠህ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓመት እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ልጁ ይሮጣል፣ ይወረውራል። የዓመቱ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ። በጃንዋሪ 2013 ከሲያትል ጋር በተደረገው የፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ) ጨዋታ ጉልበቱ ከዳው። ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ ሆኖ አልተመለሰም።

ዲሴምበር 2014 ላይ ራምስ ወደ ዋሽንግተን መጣ። ሳንቲም ሊወረወር ሲል የእንግዳው ቡድን አምበሎች ወደ መሃል ሜዳ ወጡ። ስድስት ናቸው። ስድስቱም ራምስ በዚያ ልውውጥ ባገኘው ምርጫ የመጡ ልጆች ነበሩ። ጎን ለጎን ሆነው ሲራመዱ አየኋቸው። አብረውኝ ከተቀመጡት አንድም የተናገረ የለም። ጨዋታው 24 ለ 0 አለቀ።

ሁሉም ልውውጥ እንዲህ ያልቃል ማለቴ አይደለም። በ2021 ራምስ ማቲው ስታፎርድን ከዲትሮይት አመጣ። ሁለት የመጀመሪያ ዙር፣ አንድ የሦስተኛ ዙርና ጃሬድ ጎፍን ሰጠ። በመጀመሪያው ዓመቱ ሱፐር ቦውልን፣ የሊጉን ዋንጫ፣ ወሰደ። ዲትሮይትም አልከሰረም። ጎፍን ብዙ ሰው እንደ ምራቂ ነበር የቆጠረው። በጃንዋሪ 2024 ስታፎርድ ራሱ በተቃራኒ ቡድን ሆኖ ዲትሮይት መጣ። ጎፍ 24 ለ 23 አሸነፈው። ዲትሮይት በፕሌይኦፍ ካሸነፈ 32 ዓመት ሆኖት ነበር። ስታዲየሙ በሙሉ የጎፍን ስም እየጠራ ነበር። የማይፈለግ ተብሎ የተጣለ ሰው ስሙ ሲጠራ መስማት ልብ ይነካል።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ራምስ የጎደለው ኳርተርባክ ብቻ ነበር፤ ተከላካዩ ጠንካራ፣ ቡድኑ የተሟላ ነበር። ዴንቨርም የጎደለኝ ኳርተርባክ ብቻ ነው ብሎ በ2022 ራስል ዊልሰንን ወሰደ። ሁለት የመጀመሪያ ዙር፣ ሁለት የሁለተኛ ዙርና ሦስት ተጫዋቾች ከፈለ። በሁለት ዓመት አሰናበተው። ተሰናብቶም 85 ሚሊዮን ዶላር በደመወዝ ጣሪያቸው ላይ ተቆጠረ። የደመወዝ ጣሪያ ማለት አንድ ቡድን በዓመት ለተጫዋቾቹ ሊያወጣ የሚችለው ልክ ነው፤ በ2024 ለአንድ ቡድን 255.4 ሚሊዮን ነበር። 85 ሚሊዮኑን በሁለት ዓመት ከፋፍለው እንኳ ሌላ ሰው የሚገዙበት ገንዘብ ነው የተቃጠለው። ዊልሰን 33 ዓመቱ ነበር ሲመጣ። ጥሩነቱ ከኋላው እንደቀረ ማየት ነበረባቸው።

ስለዚህ ጓደኞችዎን ሁለት ነገር ይጠይቋቸው። ሰውየው ዕድሜው ስንት ነው? ከፊቱ ቆሞ የሚከላከልለትስ ማነው? ለሁለቱም ጥሩ መልስ ከሌላቸው ድራፍቱን አይስጡ። ዋሽንግተን ጄደን ዳንኤልስን በ2024 ያገኘው በራሱ ተራ፣ በሁለተኛ ምርጫ ነው። ለማንም ምንም አልከፈለም። በዚያው ዓመት 12 አሸንፎ በ5 ተሸነፈ። ከቺካጎ ጋር ሰዓቱ አልቆ ሳለ 52 ያርድ የወረወራት ኳስ በሰው እጅ ተነክታ ኖህ ብራውን እጅ ላይ ስትወድቅ ጎረቤቶቼ ግድግዳ እስኪደበድቡ ጮኼአለሁ። 18 ለ 15።

ከሚኒያፖሊስ፦ ባሌና ልጆቼ ሁልጊዜ የሚከራከሩበት ነገር አለ። በ1,500 ዶላር የተወራረደ ተጫዋች ዓመት ሙሉ ታገደ። ከሃያ በላይ ሴቶች የከሰሱት ተጫዋች 11 ጨዋታ ብቻ። እኔ ሴት ልጆችም አሉኝ። ምን ልበላቸው?

የተወራረደው ካልቪን ሪድሊ ነው። በኖቬምበር 2021፣ ከቡድኑ ርቆ በነበረበት ጊዜ በስልኩ ተወራረደ፤ የራሱ ቡድን አትላንታም ከተወራረደባቸው ጨዋታዎች ውስጥ ነበር። የ2022ን ውድድር በሙሉ ታገደ። 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው የዚያ ዓመት ደመወዝ አልተከፈለውም፤ ውሉ ወደ ቀጣዩ ዓመት ተላለፈ።

ሁለተኛው ደሻን ዋትሰን ነው። በማሳጅ ጊዜ ጾታዊ በደል አድርሶብናል ብለው ሴቶቹ በፍትሐ ብሔር ከሰሱት። እሱ ክዷል። በቴክሳስ ሁለት ግራንድ ጁሪዎች (ክስ ይመስረት አይመስረት የሚሉ የዜጎች ጉባኤዎች) የወንጀል ክስ አልመሰረቱበትም። አብዛኞቹ ክሶች በስምምነት ተዘጉ። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር አብረው የመረጧት ጡረተኛ ዳኛ ሱ ሮቢንሰን የሊጉን ሕግ ጥሷል ብላ 6 ጨዋታ ፈረደች። ሊጉ ይግባኝ አለ። በመጨረሻ በ11 ጨዋታና በ5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተስማሙ።

ስለ ውርርዱ የሊጉ ሐሳብ ይገባኛል። ተመልካቹ ጨዋታው የተሸጠ ነው ብሎ ከጠረጠረ ሁሉ ነገር ያልቃል። እገዳ ተገቢ ነበር። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ሚዛኑ የተዛባ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንን ለልጆችዎ ሳያመነቱ ይንገሯቸው።

አንድ ነገር አብረው በወረቀት ላይ ይሥሩ። ክሊቭላንድ ዋትሰንን ሲያመጣ 230 ሚሊዮን ዶላር፣ ሁሉም ዋስትና ያለው፣ ለአምስት ዓመት ፈረመለት። የመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ ግን 1,035,000 ብቻ ሆኖ ተጻፈ። የታገደ ተጫዋች የሚያጣው ያልተጫወተበትን ሳምንት ደመወዝ ነው። 1,035,000 ለ18 ሳምንት (17 ጨዋታና አንድ የእረፍት ሳምንት) ሲካፈል 57,500 ነው። በ11 ሲባዛ 632,500 ዶላር። ውሉ ሲፈረም እገዳ ሊመጣ እንደሚችል ሁሉም ያውቅ ነበር። ሴት ልጆችዎ ይህችን ማካፈል አንዴ ከሠሩ ስለ እገዳ ሲወራ ስንት ጨዋታ ብቻ ብለው አይጠይቁም፤ ስንት ብርም ብለው ይጠይቃሉ።

ከሲያትል፦ ተጫዋች ሲታገድ ቡድኑ የሚያርፍበት ሳምንት ይቆጠርለታል?

አይቆጠርለትም። 4 ጨዋታ ከተባለ ቡድኑ 4 ጨዋታ መጫወት አለበት። ከመደበኛው ውድድር በፊት ግን ከቡድኑ ጋር ይለማመዳል፣ በማሟሟቂያ ጨዋታም ይሰለፋል። ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ በ2016 የመጀመሪያዎቹን 4 ጨዋታዎች የኳሶቹ አየር ተቀንሷል በተባለበት ጉዳይ ታግዶ ነበር። ቡድኑ ያለ እሱ ሦስቱን አሸነፈ። ተመልሶ በዚያው ውድድር ሱፐር ቦውሉን ወሰደ፤ 28 ለ 3 ከመመራት ተነስቶ 34 ለ 28።

ከዳላስ፦ በታንክስጊቪንግ (በአሜሪካ የምስጋና በዓል) ሁልጊዜ ዲትሮይትና ዳላስ በየሜዳቸው የሚጫወቱት ለምንድነው? እንግዳ ስለምጠራ ሰዓቱንም ንገረኝ።

ዲትሮይት በ1934 ጀመረው። ባለቤቱ የራዲዮ ጣቢያ ነበረው፤ ሰው ወደ ስታዲየም እንዲመጣለት ብሎ ነው በዕለቱ ጨዋታ ያዘጋጀው። ዳላስ በ1966 ገባበት። ሦስተኛው የማታ ጨዋታ ከ2006 ወዲህ የመጣ ነው። በእናንተ ሰዓት ዲትሮይት እስከ 2024 ጠዋት 11፡30 ነበር፤ በ2025 እኩለ ቀን 12 ሰዓት ሆነ። ዳላስ ከሰዓት በኋላ 3፡30 ነው የሚጀምረው። ዶሮውን ከዲትሮይት ጨዋታ በፊት ያድርሱት። የዳላሱ ጨዋታ ሲጋመስ ቡና ይቆላ።