ሁለት ጊዜ የተፈተነች ልጅ ውጤት እንዴት ይታያል?

ጥያቄ፦ ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አሜሪካ ለመማር አስባ ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትናለች። መጀመሪያ በንባብና ጽሑፍ 610፣ በሒሳብ 640 አመጣች። በሁለተኛው ሒሳቡ 710 ሲገባ ንባቡ ወደ 580 ወረደ። «ወደኋላ ሄደች» ይሉብን ይሆን? ለሦስተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ልውሰዳት ወይስ ይብቃት?
አባት፣ ከሄርማታ መርካቶ፣ ጅማ

መልስ፦ ጋሼ፣ በቅድሚያ ልጅዎን እንዳይቆጧት አደራ። 30 ነጥብ መውረድ ብዙ ተማሪ ላይ የሚደርስ ነው።

ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ደጋግሞ ለተፈተነ ተማሪ ከየፈተናው የተሻለውን ክፍል መርጠው ይደምሩለታል፤ ሱፐርስኮር የሚሉት እሱን ነው። የልጅዎን እንየው። የመጀመሪያው ድምር 1250፣ የሁለተኛው 1290 ነው። ንባቡን ከመጀመሪያው፣ ሒሳቡን ከሁለተኛው ሲወስዱላት ግን 1320 ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ለሚደምሩት ኮሌጆች ሁለቱንም ይላኩ። ጥሩውን ክፍል ብቻ ነጥሎ መላክ አይቻልም፤ የአንድ ቀን ውጤት የሚሄደው ከነሙሉው ነው።

ኮሌጅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ኤምአይቲ በ2022 እ.ኤ.አ. ፈተናውን መልሶ ግዴታ ያደረገ ሲሆን ከየክፍሉ ትልቁን ያያል። ጆርጅታውን የተፈተኑትን ሁሉ ላኩ ይላል። ጨርሶ የማይጠይቁም አሉ። ከልጅዎ ጋር ተቀምጠው የየኮሌጁን የመግቢያ መመሪያ ያንብቡ እንጂ «ደጋግማ ከተፈተነች ይጥሏታል» የሚል የደላላ ወሬ አይስሙ። ወላጅን በዚህ ማስደንገጥ ያሳዝነኛል።

ሦስተኛውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ እቤት ትፈተን። ብሉቡክ የሚባለው የፈተናው መተግበሪያ ሙሉ የመለማመጃ ፈተናዎችን በነጻ ይሰጣል። በስልክ አይሠራም፤ ላፕቶፕ ወይም አይፓድ ይዋሱላት። እሁድ ጠዋት ስልኳን ይቀበሏትና 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃውን ያለማቋረጥ ትሥራ። ሱፐርስኮር በሚቀበሉት ዘንድ 710ሩ አይጠፋባትም፤ ጉልበቷን ንባብ ላይ ታድርገው። ንባቡ ደጋግሞ ከ650 በላይ ከሆነ ይውሰዷት። 600 አካባቢ ከቆመ ግን ጊቤን ተሻግሮ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ የአልጋና የምዝገባ ወጪ ለምን?

ቀኑንም ይዩ። የብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጋው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከኅዳር መጨረሻው ፈተና ያለፈው ለዘንድሮ አይደርስላትም። የትምህርት ቤት ውጤቷ ከኤስኤቲው እኩል፣ ብዙ ቦታም ይበልጥ ይታያል፤ ለልምምድ ብላ ከክፍል እንዳትቀር።