ሦስቱን የዮርክሻየር ተራሮች በአንድ ቀን ለመዞር ላሰባችሁ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ከሊድስ ስምንት ሆናችሁ፣ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ፣ በሰሜን እንግሊዝ ያሉትን ሦስቱን የዮርክሻየር ተራሮች በአንድ ቀን ልትዞሩ አስባችኋል። አቅማችሁ እኩል አይደለም። አንዳንዶቻችሁ ትጾማላችሁ። ቀኑ ሰኔ አጋማሽ ነው። «በ12 ሰዓት ውስጥ እንጨርሳለን ወይ? ዕቅዱንስ ከየት እንጀምር?» ብለሻል። ይህን መንገድ እወደዋለሁ፤ ብቻዬንም ከሰው ጋርም ሄጄበታለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ከፍታውን እርሱት። ፔን-ይ-ጌንት 694 ሜትር ነው፣ ኢንግልቦሮ 723፣ ትልቁ ወርንሳይድ 736። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ «ይሄማ ጉብታ ነው» ይላል። እግር የሚጨርሰው ግን ርዝመቱ ነው። ዙሩ 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቴ ወጥታችሁ ሦስቴ ትወርዳላችሁ። ሽቅቡ ተደምሮ ወደ 1,600 ሜትር ይጠጋል፣ ቁልቁለቱም ያንኑ ያህል ነው። ጉልበት የሚይዘውም ቁልቁለቱ ነው።

ስለዚህ ዕቅዱን ከሰዓት ጀምሪው። ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ትይዣለሽ። 39 ኪሎ ሜትሩ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ ሽቅቡ ደግሞ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይጨምራል። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ያለ ምሳ፣ ያለ ፎቶ፣ ያለ ጫማ ማሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ሁለት የጊግልስዊክ ትምህርት ቤት መምህራን ዙሩን በአሥር ሰዓት ጨርሰውት ነበር ይባላል፤ እነሱ ግን ሁለት ነበሩ። ስምንት ሰው የሚሄደው በጣም ቀርፋፋው ሰው በሚሄድበት ፍጥነት ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ፈጣኖቹን ከኋላ አድርጓቸው፣ ቀርፋፋው ከፊት ይምራ። ይህን ካላደረጋችሁ ፈጣኖቹ ቆመው ሲጠብቁ ይበርዳቸዋል፣ ቀርፋፋው ሲደርስ እነሱ ይነሳሉ፣ እሱ ሳያርፍ ይውላል። ስንት ቡድን በዚህ ነገር ተቀያይሟል መሰለሽ።

አሁን ወደ መንገዱ። ሰዓቱን ሁሉ በሐበሻ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እናንተም በግሩፓችሁ ላይ በየትኛው አቆጣጠር እንደምትጽፉ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ እዚህ ያደጉት ልጆች «1 ሰዓት» ሲባሉ ከምሳ በኋላ ይመስላቸዋል።

ዙሩ ከሚጀመርበትና ከሚያበቃበት ከሆርተን መንደር ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ። ፔን-ይ-ጌንት ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ትደርሳላችሁ። ጫፉ አካባቢ በእጅ እየያዛችሁ የምትወጡት ድንጋይ አለ፤ አጭር ነው፣ አያስፈራም። ከዚያ እስከ ሪብልሄድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፣ ግን ሰው እየተጫወተ ስለሚሄድ ሳይታወቀው የሚፈጥነውም ውሃ መጠጣት የሚረሳውም እዚሁ ነው። ሪብልሄድ ላይ ባለ 24 ቅስቱን የባቡር ድልድይ ታያላችሁ። እኩለ ቀን ገደማ እዚያ ከደረሳችሁ በጥሩ ሁኔታ ላይ ናችሁ።

ሪብልሄድ ላይ ቆም በሉ። የቀኑ ዋና ውሳኔ እዚህ ነው። እዚህ ባቡር ጣቢያ አለ፤ ያው መስመር ሆርተንንም ሊድስንም ይነካል። የደከመ፣ ጉልበቱ ያመመው፣ እግሩ ውሃ የቋጠረ ሰው እዚህ ቢያቆም ማንም አይቸገርም። ባቡሩ ግን ቶሎ ቶሎ ስለማይመጣ የዚያን ቀን ሰዓቶች ከቤት ጽፋችሁ ያዙ። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ የሚቀጥለው በእርግጥ ጠንካራ የሆነው ብቻ ይሁን። ይህንን ደግሞ ከጉዞው በፊት ለሁሉም ንገሪያቸው። በቦታው ላይ ከተነገረ ሰው ስድብ ይመስለዋል፣ በይሉኝታም «ደህና ነኝ» ብሎ ይቀጥላል። ገንዘብ የሰጡ ሰዎችም አንድ ወይም ሁለት ተራራ ሄዶ በሰላም ለገባ ሰው ደስ ነው የሚላቸው።

ከዚያ ወርንሳይድ ይቀጥላል። ወደ ላይ ረጅምና ለስላሳ ነው፣ ወደ ታች ግን ቀጥ ያለ ነው። የእግር ዱላ ካላችሁ እዚህ አውጡት። ታች ቻፕል-ለ-ዴል የመኪና መንገድ ታገኛላችሁ። መኪና ሊያገኛችሁ የሚችልበት የመጨረሻው ቀላል ቦታ ይህ ነው። ከዚህ ኢንግልቦሮን ወጥቶ ሆርተን መግባት አራት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ እዚህ ከደረሳችሁ አትውጡ።

ስለ ኢንግልቦሮ በተለይ ልናገር። ጫፉ ሰፊ ሜዳ ነው። በጠራ ቀን በጣም ያምራል። ጉም ሲለብስ ግን መውረጃው ይጠፋል፤ መንገዶቹ ወደተለያየ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። በድካም ሰዓት ደግሞ ሰው የሚከተለው ፊቱ ያለውን ሰው ነው፣ ያ ሰው ግን ወደ ሌላ መንደር እየሄደ ሊሆን ይችላል። የብሪታንያው ካርታ አውጪ ድርጅት የኦርድናንስ ሰርቬይ ኦኤል 2 (OL2) የሚባለው የወረቀት ካርታ ሦስቱንም ተራሮች ይዟል። እሱንና ኮምፓስ ያዙ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው አጠቃቀሙን ይወቅ። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ኔትወርኩም በየቦታው ይጠፋል። ከጫፉ እስከ ሆርተን ያለው 8 ኪሎ ሜትር የኖራ ድንጋይ ይበዛበታል፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ቀኑን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን ሰኔን ትቼ ወደ ግንቦት አመጣው ነበር። ብርሃኑ ያኔም ወደ 16 ሰዓት ይጠጋል። ጾመ ሐዋርያት የሚገባው ከጰራቅሊጦስ ማግስት ነው፣ ከፋሲካ እስከዚያ ባለው ሃምሳ ቀን ግን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ግንቦት በአብዛኛው እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ካልተመቻችሁ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ያለው ሳምንትም ጥሩ ነው፤ ብርሃኑ ወደ 14 ሰዓት ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የሚጾም ሰው በዚህ መንገድ ላይ በጾም ቀን እንዲሄድ በፍጹም አልመክርም። ያለ ምግብም ያለ ውሃም ስምንት ሰዓት ዳገት መውጣት አደገኛ ነው።

ምግቡ ራሱ አያስቸግርም። የአገራችን ስንቅ ለዚህ የተሠራ ነው። በሶ በጥብጣችሁ መጠጣት ወይም ጭብጦ አድርጋችሁ መያዝ ትችላላችሁ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ቴምር፣ ሙዝ ጨምሩ። የጾመውም ያልጾመውም አብሮ ይበላዋል። አንዴ ጠግቦ ከመብላት በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መብላት ይሻላል። ውሃ ለአንድ ሰው ከ2 ሊትር አያንስ። ሪብልሄድ ላይ የምትሞሉበትን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ልብስ ላይ ጂንስና የጥጥ ቲሸርት ይቅር፤ አንዴ ከራሰ አይደርቅም። ታች ሆርተን ፀሐይ ሆኖ ላይ ነፋሱ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። የዝናብ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት በግንቦትም ያስፈልጋል። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አይገዛ። የራስ መብራትና ፊሽካም ያዙ። አደጋ ከደረሰ 999 ደውላችሁ ፖሊስ በሉ፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን ጠይቁ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ገንዘብ አያስከፍሉም፤ ስለዚህ በወጪ ፍራቻ ማንም አይዘግይ። ስልክ ካልሠራ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ፊሽካ መንፋት የታወቀ የእርዳታ ጥሪ ነው።

ልምምድ ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ጀምሩ። ከሊድስ በባቡር ኢልክሊ ሄዳችሁ ኮረብታው ላይ መዋል በቂ ነው። አንድ ጊዜ ግን ሁላችሁም አብራችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሂዱ። ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚዝል የምታውቂው ያኔ ነው፣ የመነሻ ሰዓታችሁንም በዚያ ታስተካክያለሽ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ሹፌሩ። 12 ሰዓት የተራመደ ሰው ማታ ወደ ሊድስ መንዳት የለበትም፤ እንቅልፍ ይጥለዋል። የማይሄድ ሰው ፈልጉ፣ ከማኅበራችሁ አንድ ትልቅ ሰው ቢሆን ይመረጣል። እሱ ምሳና ውሃ ይዞ ሪብልሄድ ይጠብቃችሁ፣ ቀጥሎ ቻፕል-ለ-ዴል ይምጣ። በየቦታው ስትደርሱ ስማችሁን ይቁጠር። የመነሻ ሰዓታችሁንና መንገዳችሁን በወረቀት ስጡት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ሆርተን ካልገባችሁ እንዲደውልም ንገሩት። ስምንታችሁ ደግሞ ከእሱ ጋር በአንድ መኪና አትበቁምና ሁለተኛ ሹፌር ወይም ሚኒባስ ከአሁኑ ፈልጉ።