9 ሰዓት ማለት የማን 9 ሰዓት ነው?

ልጆቼ፣

ከጀርመን ተማሪዎች ጋር ያሰብነው የመጀመሪያው የቪዲዮ ውይይታችን ሳይጀመር ነው የተበላሸው። ጥፋቱም የእኔ ነበር። ጀርመን ያለው ወዳጄ «በኢትዮጵያ ሰዓት 9፡00» ብሎ ጻፈልኝ፤ እኔም እንደወረደ ለልጆቹ አስተላለፍኩ። ጀርመኖቹ በጠዋት ተሰብስበው ሲጠብቁን የእኛዎቹ ጅማ ላይ ቁርሳቸውን እየበሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ተሰብስበን ሊንኩን ስንከፍት ማንም የለም። ለካ እሱ ያለው ጠዋት 3 ሰዓትን ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። የእነሱ ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚቀየርም አትርሱ፤ ልዩነታችን አንዴ 1፣ አንዴ 2 ሰዓት ይሆናል።

30 ዓመት ያህል አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ላፕቶፔን የጅማ በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ቤቴ የሚመጡ ተማሪዎችን ከውጭ እኩዮቻቸው ጋር አገናኛለሁ። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ካሜራ ስታጠፉ ድምፁ ይሻላል። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም አትፈሩ፤ የእነሱም ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው።

ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ አጠያየቅ ነው።

አንድ ቀለሜ ልጅ አለን። ውይይቱ ላይ «ጂፒኤዬ 3.8 ነው» ብሎ ደረቱን ነፋ። ጀርመናዊቷ ተማሪ ከልቧ አዝና «አይዞህ፣ በሚቀጥለው ታሻሽላለህ» አለችው። ልጁ ኩምሽሽ አለ። እኛ ዘንድ ትልቁ ውጤት 4 ሲሆን እዚያ ትልቁ 1 ነው። 4.0 ለጥቂት ማለፍ፣ 5 መውደቅ ነው። ሁለቱም ስለ ቁጥር እያወሩ፣ የሚያወሩት ስለ ሁለት ዓለም ነበር። «የማን ትምህርት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄም እንዲሁ ነው። ሁልጊዜ ይጠየቃል፣ ሁልጊዜም የሚያተርፈው ፉክክር ብቻ ነው።

ይልቅስ «የወደቀ ተማሪ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ጠይቀን ነበር። መጀመሪያ የሰማነው ገነት ነው የመሰለን። ብዙ ሌክቸር ላይ አቴንዳንስ የለም፣ የ3 ዓመቱን ዲግሪ በ4 እና በ5 ዓመት የሚጨርስ ሞልቷል፣ የወደቁበትን ፈተና እንደገና መውሰድ ይቻላል። ልጆቹ ተንጫጩ። ከዚያ ያቺው ልጅ ቀጠለች፦ ዕድሉ የተቆጠረ ነው። በአንድ የግዴታ ኮርስ የመጨረሻውን የፈተና ዕድል የወደቀ በዚያ የትምህርት ዓይነት ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ በጥቅሉ በሌላውም የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ያንኑ መማር አይችልም። ቤቱ ጸጥ አለ። ዋርኒንግና ዲስሚስ የሚያስፈራው የእኛ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፈረንጅ አዘነ።

ሁለተኛው ጥያቄ «ምሳህን ማን ይከፍላል?» ነው። «ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው» የሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አለመጠየቃቸው እውነት ነው። ግን ቤት ፈልጎ መከራየት፣ ማብሰል፣ ኢንሹራንስ መክፈል የተማሪው ዕዳ ነው። ከእኛ አገር የሚሄድ ተማሪ ደግሞ ለቪዛው ብዙውን ጊዜ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ማሳየት አለበት፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ተመን ይህ ነው። ለደላላ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን ቁጥር አስታውሱ። እኛ ዘንድ መንግሥት ይመድባል፣ ዶርምና ካፌ ይሰጣል፣ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የወጪ መጋራት ፎርም ያስፈርማል። «ፈርመን የረሳነው ዕዳ» አለ አንዱ። እንግሊዝ ውስጥ ግን ብድሩ አይረሳም፤ ገቢህ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ከትርፉ ላይ 9 በመቶ ይቆረጣል።

እኛስ ምን ይዘን ቀረብን? ልጆቹ መጀመሪያ ቅሬታ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ስለ ፍሬሽማን፣ ስለ ኤግዚት ኤግዛም። ተዉ አልኳቸው፤ ሲቢቲፒን፣ ማለትም ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራማችንን ንገሯቸው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ሲመሠረት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን ይዞ ነው የተነሣው። ተማሪዎች በቡድን ቀበሌ ይገባሉ፣ ቤት ለቤት ይጠይቃሉ፣ ችግሩን ለይተው ከነዋሪው ጋር መፍትሔ ይሞክራሉ። ጀርመኖቹ ይህን ሲሰሙ ማስታወሻ ማውጣት ጀመሩ። አንዷ ልጃችን ከነዋሪዎች ጋር ሆነው ሦስት ሽንት ቤት ማስቆፈራቸውን በኩራት ተናገረች።

«እና እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ሽንት ቤቶቹ ምን ሆኑ?» አለቻት ጀርመናዊቷ።

ልጃችን ዝም አለች። ጀርመናዊቷ ኔትወርክ የተቋረጠ መስሏት «ይሰማል? ይሰማል?» ትላለች።

ቅዳሜ ልጅቷ ባጃጅ ይዛ ሄደች፣ ከባጃጁ ወርዳም በጭቃ ብዙ በእግሯ ተጓዘች። በሚቀጥለው ውይይት ሦስት ፎቶ ይዛ ቀረበች። አንዱ ይሠራል፤ በሩን ባለቤቶቹ ቀይረውታል። ሁለተኛው በዝናብ ተደርምሷል። ሦስተኛው ውስጥ ዶሮዎች ያድራሉ። የዚያን ቀን ስለ ጂፒኤ ያነሣ ሰው የለም፤ ግማሹ ሰዓት ያለቀው በዶሮዎቹ ነው።