ነጭ ውሃ የሚተፋ ጀልባ

ከደብረ ሲና አንድ መምህር ከልጃቸው ጋር ስለ ሠሩት ባለ ሞተር ትንሽ የእንጨት ጀልባ ጽፈውልኛል። ርዝመቱ 70 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አጥንቱ ኮምፔርሳቶ፣ ልብሱ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን የዋንዛ ጣውላ። መጋጠሚያዎቹን አንድ ቀለም ቀቢ በስቱኮ ደፍኖ በዘይት ቀለም ቀባላቸው፤ እንደ መስታወት አበራ። ኩሬ ላይ ግማሽ ሰዓት በተንሳፈፈ በማግሥቱ ቀለሙ በመጋጠሚያዎቹ መስመር እየተከተለ ተነፋ። በመርፌ ሲወጉት ነጭ ውሃ ወጣ። ከከሰል ምድጃ አጠገብ አድርቀው፣ በቲነር ጠርገው ደግመው ቀቡት፤ አሁንም ያው። ጥያቄያቸው «የትኛውን ቫርኒሽ ልደርብበት?» የሚል ነው።

መምህር፣ ምንም አይደርቡበት። ከጀልባው በፊት ግን ስለ ከሰሉ ልናገር። ቲነር በተከፈተበት ቤት ከሰል አይቀጣጠል፤ ከሰል ባለበት ቤት ቲነር አይከፈት። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ተስቦ ምድጃው ድረስ ይሄዳል፤ እሳቱን ይዞ ወደ ጣሳው ይመለሳል። ደብረ ብርሃን ውስጥ በኅዳር ብርድ በሩን ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ ቁም ሣጥን ሲቀባ የነበረ ሰው እጁና ፊቱ ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅዎ አጠገብዎ ነበር ብለውኛል፤ ለዚህ ነው ያስቀደምኩት።

ወደ ነጩ ውሃ ልመለስ። ከተነፋ ቀለም ሥር የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ቢሆን ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር። ነጭ ከሆነ ግን መጋጠሚያው የተደፈነው በግድግዳ ስቱኮ ነው። ጀልባውን ሳላየው ይህን በድፍረት እላለሁ። የግድግዳ ስቱኮ ጥቂት ሙጫ የገባበት የድንጋይ ዱቄት ነው፤ ለሳሎን ግድግዳ ጥሩ ነው፣ ውሃ ሲያገኘው ግን ተመልሶ ሊጥ ይሆናል። በላዩ የተቀባው ቀለም የቱንም ያህል ቢያበራ የቆመው ሊጥ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ በየጊዜው እጄ ይገባል፤ ሁልጊዜም ያናድደኛል፤ የሠራው ሰው ጀልባ መሆኑን እያወቀ ስቱኮ ያነሳበት ምክንያት አጠገቡ ስለተገኘ ብቻ ነው።

ውሃው ታዲያ ከየት መጣ? ውጭው ተቀብቷል። ስለ ውስጡ ደብዳቤዎ ምንም አይልም። ባዶ እንጨት እንደተተወ እገምታለሁ። በላይ ክዳኑ ወይም በሞተሩ ዘንግ ቀዳዳ የገባች ጥቂት ውሃ ወለሉ ላይ ትተኛለች፤ ባዶው ዋንዛ ይጠጣታል፤ ያብጣል፤ ቀለሙን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የፈለገውን ቢገዛ ገንዘቡን ይጥላል። የገብስ አገዳ ጥብቅ አድርገው አስረው ጫፉን ውሃ ውስጥ ያቁሙት። ውሃው በጎን ሳይሆን በተቆረጠው ጫፍ በኩል ሽቅብ ይሳባል። እንጨትም እንደዚያው የታሰረ አገዳ ነው። የጣውላው ፊት ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው፤ መጋዝ የቆረጠው ጫፍ ግን በብዙ እጥፍ ፍጥነት ይጠጣል። በጀልባዎ ላይ የተቆረጠው ጫፍ የት የት እንዳለ ያስቡ፦ ጣውላዎቹ አፍንጫው ላይ የሚገናኙበት፣ የኋላው ሰሌዳ ዙሪያ፣ የዘንጉ ቀዳዳ ከንፈር፣ የኮምፔርሳቶው ጠርዝ ሁሉ። ሁለተኛው ነገር፣ አገዳው ውሃ ሲጠጣ ይወፍራል እንጂ አይረዝምም። እንጨትም በርዝመቱ ከእርጥብ እስከ ፍጹም ደረቅ የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ በስፋቱ ግን ከመቶ 5 እስከ 10 ሊደርስ ይችላል። ቤትዎ ያለውን የእንጨት በር ይመልከቱ፦ ነሐሴ ላይ አልዘጋ ይላል፣ ጥር ላይ ብርሃን ያሳልፋል፤ ቁመቱ ግን ያው ነው። አሁን ሂሳቡን ያስሉት። 20 ሚሊ ሜትር ጣውላ ከመቶ 2 ብቻ ቢያብጥ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ጎን ስምንት ጣውላ ቢኖር ከ3 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። የቀለሙ ውፍረት ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ላይደርስ ይችላል። ይህን ግፊት የሚችል ቫርኒሽ የለም። መፍትሔው እንጨቱ ከውስጥም ከውጭም ውሃ እንዳይጠጣ ማድረግ ነው። የጣርማበር ጉም በሚወርድበት አገር ይህ ለጀልባ ብቻ ሳይሆን ለመስኮትም ይሠራል።

ስለዚህ ቀለሙን በሙሉ ያንሱት። በስለታም ስፓቱላ ወይም በመስታወት ስባሪ ይፋቁት፤ ጓንት ያድርጉ። በመጋጠሚያው ውስጥ የተሸጎጠውን ስቱኮ በቀጭን ቢላ ጫፍ ቆፍረው ያውጡ፤ የስንዴ ቅንጣት ያህል እንኳ ቢቀር እዚያው ላይ ይነፋል። ጣውላዎቹ የተጣበቁት በተራ ኮላ ከሆነና በጣት ሲጫኗቸው ከተንቀሳቀሱ፣ ያን መጋጠሚያ ከፍተው ጣሳው ላይ ዲ3 ወይም ዲ4 (D3፣ D4፤ ውሃ የመቋቋም ደረጃው ነው) ተብሎ በተጻፈ ኮላ እንደገና ያጣብቁት። ተራው ነጭ ኮላ ለወንበር እንጂ ለውሃ አይሆንም፤ ነጋዴው ግን ሁሉንም «አንድ ነው» ብሎ ይሸጥልዎታል።

ከዚያ ማድረቅ። ፀሐይ ላይ አይደለም፤ ከሰል አጠገብ ደግሞ በፍጹም አይደለም። ነፋስ በሚያልፍበት ክፍል፣ ከወለል ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። በየሁለት ቀኑ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት። ክብደቱ በሦስት ተከታታይ ምዘና ካልቀነሰ ደርቋል። ሁለት ሳምንትም ሦስትም ሊፈጅ ይችላል፤ ልጅዎ ይቸኩላል፣ እርስዎ ግን አይቸኩሉ።

የሚደፍነው ኤፖክሲ ነው፤ ሁለት ጣሳ ሆኖ (አንዱ ሙጫው፣ ሌላው ማጠንከሪያው) የሚሸጠው፣ ቀጠን ያለው። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን በትንንሽ ቱቦ ያለውን አይግዙ፤ ውሃን በደንብ አይችልም። ለፋይበር ሥራ የሚሸጠውን ሽታው የሚከብድ ፖሊስተርም አይውሰዱ፤ እንጨት ላይ እንደ ኤፖክሲ አይዝም። የማጠንከሪያውን መጠን ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ ያድርጉ። «ቶሎ እንዲደርቅ ጨመር አድርግበት» የሚል ምክር ይሰማሉ፤ ኤፖክሲ ላይ የሚጨመር ማጠንከሪያ ሥራውን ለዘላለም ለስላሳ አድርጎ ያስቀረዋል። ቆዳ ላይ ሲደጋገም ስለሚያሳክክም ጓንት አይለይዎት።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ጠዋት ከቀቡ እንጨቱ ከቀኑ ጋር እየሞቀ ይሄዳል፤ በውስጡ ያለው አየር ተለጥጦ ኤፖክሲውን በአረፋ ይሞላዋል። ጀልባውን እኩለ ቀን ላይ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ያቆዩትና ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ይቀቡት። እንጨቱ እየበረደ ሲሄድ ኤፖክሲውን ወደ ውስጥ ይስባል። ማታ ብርዱ ኤፖክሲውን ከመድረቅ እንዳያስቆመው ጀልባውን በትልቅ ካርቶን ሸፍነው ከውስጥ 40 ዋት የድሮ አምፖል ከጀልባውም ከካርቶኑም በደንብ አርቀው ያብሩ፤ ሳይጠብቁት አይተኙ። ይህ ቲነር ለሌለበት ኤፖክሲ ብቻ ነው። ቲነር ያለበት ቀለም ያን ካርቶን ውስጥ አይገባም፤ ነገሩ ከከሰሉ ጋር አንድ ነው።

መጀመሪያ ውስጡን፣ ሁለት ስስ እጅ። የአጥንቱን ጥግ ሁሉና የዘንጉን ቀዳዳ በቀጭን ብሩሽ ያጥግቡ፤ የተቆረጠ ጫፍ ሲጠጣ ደጋግመው ያጠጡት። ርካሽ ብሩሽ ፀጉሩን እየጣለ ያበሳጭዎታል፤ አንድ ጥሩ መግዛት ይሻላል። ከዚያ ከዋንዛው የወጣ ሰጋቱራ በሻይ ማጥለያ ነፍተው፣ ከኤፖክሲ ጋር ከማንኪያ እስካይንጠባጠብ ድረስ አወፍረው የውጭ መጋጠሚያዎቹን ይድፈኑ። ሲደርቅ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው ውጭውንም ሁለት እጅ ኤፖክሲ። የኤፖክሲ አቧራ ሳንባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

በብርድ የደረቀ ኤፖክሲ ፊቱ ላይ ቅባት የሚመስል ነገር ያወጣል። ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳትዎ በፊት በንጹሕ ውሃና በሻካራ ስፖንጅ ይጠቡት፤ ካልታጠበ ቀለሙ ለሳምንታት ሲጣበቅ ይኖራል። አንድ ሳምንት ይተዉት፣ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከውሃ ጋር ይሞርዱት፣ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ) ይቀቡት፣ በ320 ይሞርዱት፣ ከዚያ ሁለት ስስ እጅ የዘይት ቀለም። የዋንዛው መልክ እንዲታይ ከፈለጉ በቀለሙ ፋንታ የፀሐይ መከላከያ ያለው ቫርኒሽ ይሁን፤ ኤፖክሲ ብቻውን ፀሐይ ላይ ይቢጫል። ቀለሙን በቲነር የሚያቀጥኑ ከሆነ ውጭ በረንዳ ላይ ያድርጉት። ቡና የሚፈላበት ከሰል እንኳ አጠገብዎ አይኑር።

ሲጨርሱ ጀልባውን ይመዝኑት፣ ውስጡ ሶፍት ያንጥፉ፣ ግማሽ ሰዓት ያንሳፉት፣ ውጭውን አድርቀው መልሰው ይመዝኑት። ክብደቱ ከጨመረ ሶፍቱ የት ቦታ እንደረጠበ በእርሳስ ምልክት አድርገው ይጻፉልኝ።